ኒሻኑን በፖስታ የመለሰው የዓለም ሻምፒዮን፦ ዲክ ታይገር

ቦክስ ሲነሳ ቶሎ የሚመጣላችሁ ማን ነው? መሐመድ አሊ፣ ማይክ ታይሰን፣ ፍሎይድ ሜይዌዘር... አፍሪካ ውስጥ ስለተደረገ ትልቅ ፍልሚያ ብትጠየቁ ደግሞ አብዛኞቻችሁ የምትጠሩት አሊና ጆርጅ ፎርማን በ1974 ኪንሻሳ ላይ ያደረጉትን ነው። እውነትም ትልቅ ነበር። ግን ከዚያ 11 ዓመት በፊት፣ ናይጄሪያ ኢባዳን ከተማ ውስጥ፣ አንድ የአፍሪካ ልጅ አሜሪካዊ ተጋጣሚውን በገዛ ሕዝቡ ፊት አሸንፎ የዓለም ሻምፒዮንነቱን አስከብሮ ነበር።

ስሙ ዲክ ታይገር ይባላል። በሁለት የተለያዩ ሚዛኖች የዓለም ሻምፒዮን ሆኗል። ከእንግሊዝ ንግሥት ኒሻን ተሸልሟል። ስሙ በኒውዮርኩ ማዲሰን ስኩዌር ጋርደን ዋና ግጥሚያ ላይ በተደጋጋሚ የተለጠፈ ሰው ነው። የመጨረሻ ሥራው ግን ምን ነበር መሰላችሁ? እዚያው ኒውዮርክ ውስጥ የሙዚየም ጥበቃ።

ከዚያ እዚህ እንዴት ደረሰ? የዛሬው ታሪካችን ይሄ ነው። ዓመተ ምሕረቶቹ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው፤ በእኛ ሲሆን እንነግራችኋለን።

የጠርሙስ ነጋዴው

ትክክለኛ ስሙ ሪቻርድ ኢሄቱ ነው። ኦገስት 14 ቀን 1929 በምሥራቅ ናይጄሪያ አማይግቦ በምትባል ቦታ ከኢግቦ ቤተሰብ ተወለደ። ያኔ ናይጄሪያ የእንግሊዝ ቅኝ ግዛት ነበረች። ልጁ ከፍ ሲል አባ ወደምትባለው የንግድ ከተማ ሄዶ ገበያ ውስጥ ባዶ ጠርሙስ እየሰበሰበ ይሸጥ ጀመር። ቦክስንም የያዘው እዚያው ነው።

በ1952 ገደማ በክፍያ መቧቀስ ጀመረ። ገና ጀማሪ እያለ ሲፋለም ያየው አንድ እንግሊዛዊ እንደ ነብር ነው የሚዋጋው ብሎ ስሙን እንዳወጣለት ይነገራል። ዲክ የሪቻርድ ማቆላመጫ ነው፣ ታይገር ደግሞ ነብር። ስሙ ተጣበቀበት። ሪቻርድ ኢሄቱን የሚያውቀው የሰፈሩ ሰው ብቻ ሆነ፣ ዲክ ታይገርን ግን ዓለም ሊያውቀው ነው።

ሊቨርፑል፦ አራት ሽንፈት በተከታታይ

በዚያን ጊዜ ናይጄሪያ ውስጥ ቦክስ እንጀራ አይሆንም። ትልቅ መሆን የፈለገ ወደ እንግሊዝ መሻገር ነበረበት። ሆጋን ባሲ የሚባል የሀገሩ ልጅ ቀድሞት ሊቨርፑል ገብቶ ነበር። ታይገርም በ1955 ተከተለው።

ጅምሩ አያምርም። እንግሊዝ ገብቶ ያደረጋቸውን የመጀመሪያዎቹን አራት ፍልሚያዎች በተከታታይ ተሸነፈ። አራቱንም! ቅዝቃዜው አንድ ነገር ነው፣ ብቸኝነቱ ሌላ፣ የሚከፈለው ብር ደግሞ ለምግብና ለቤት ኪራይ አይበቃም። ስለዚህ ቀን ቀለም ፋብሪካ ውስጥ እየሠራ ከሥራ ሲወጣ ልምምድ ይሠራ ነበር። እድሜው 26 ሆኗል። ብዙ ሰው በቃኝ ብሎ ወደ ሀገሩ የሚመለስበት ሰዓት ነው።

እሱ አልተመለሰም። በ1957 ለንደን ላይ ቴሪ ዳውንስ ከሚባል ወጣት ጋር አጋጠሙት። ዳውንስ እንግሊዞች ትልቅ ተስፋ የጣሉበት ልጅ ነበር፤ ታይገርን ያመጡለትም በቀላሉ አሸንፎ እንዲያልፍ ነበር። ዳውንስ ግን ስድስተኛውን ዙር ሳይጨርስ ተሸነፈ። ይሄው ዳውንስ ከአራት ዓመት በኋላ የዓለም ሻምፒዮን ሆኗል፤ ታይገር ያሸነፈው ማንን እንደነበር ከዚህ ገምቱ።

በዚያው ዓመት ሆጋን ባሲ ፓሪስ ላይ የፌዘርዌት የዓለም ሻምፒዮን ሆነ፣ ለናይጄሪያ የመጀመሪያው። ታይገርም በማርች 1958 ፓት ማካቲርን ሊቨርፑል ላይ በዘጠነኛው ዙር ዘርሮ የብሪታንያ ኢምፓየር የመካከለኛ ሚዛን ሻምፒዮን ሆነ። የቀለም ፋብሪካው ሠራተኛ ቀበቶ ታጠቀ።

ኒውዮርክ፦ ባለ ኮፍያው ሰው

በ1959 ወደ አሜሪካ ተሻገረ። ኒውዮርክ ላይ ሰዎች የሚያስታውሱት ታይገር ዝምተኛ፣ ጨዋ፣ ጥቁር ኮፍያ የሚያደርግ ሰው ነው። ጉራ የለም፣ ውድ መኪና የለም፣ ጭፈራ ቤት የለም። ብር ላይ ጥብቅ ነበር። ያገኘውን ወደ ሀገሩ እየላከ ቤትና ሕንፃ ላይ ያውለዋል። ሐሳቡ ግልጽ ነው፤ ቦክስ ያልፋል፣ ቤቶቹ ግን ለልጆቹ ይተርፋሉ። ይህችን ነገር ያዟት፣ በኋላ ትመጣለች።

ቁመቱ 1 ሜትር ከ73 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው፣ ለሚዛኑ አጭር የሚባል። ግን ትከሻው ሰፊ፣ አካሉ እንደ ድንጋይ። ወደ ኋላ አይልም። ተጋጣሚው ላይ እየገፋ ይሄድና በግራ እጁ ከጎን የሚልካት ቡጢ ካረፈች አለቀ። በዚህ የተነሳ ብዙ ቦክሰኞች ይሸሹት ነበር። ከሱ ጋር መጋጠም ትርፉ ትንሽ፣ ጉዳቱ ብዙ ነው።

የዓለም ሻምፒዮንነት ዕድል ያገኘው በ33 ዓመቱ ነው። ኦክቶበር 23 ቀን 1962 ሳን ፍራንሲስኮ ላይ ከአሜሪካዊው ጂን ፉልመር ጋር 15 ዙር ተፋለመ። ፉልመር ሹገር ሬይ ሮቢንሰንን ያሸነፈ ብርቱ ሰው ነው። ዳኞቹ ሦስቱም ለታይገር ሰጡ። የጠርሙስ ነጋዴው የመካከለኛ ሚዛን የዓለም ሻምፒዮን ሆነ!

ኢባዳን 1963

ሁለቱ በፌብሩዋሪ 1963 ላስ ቬጋስ ላይ ተደገሙ፣ እኩል ወጡ። ሦስተኛው የት ይሁን ሲባል ናይጄሪያ እጇን አወጣች። ነፃ ከወጣች ገና ሦስት ዓመቷ ነው።

ዘመኑን አስቡት። በዚያው ዓመት ግንቦት 17 ቀን 1955 ዓ.ም በእኛ አቆጣጠር፣ የአፍሪካ መሪዎች አዲስ አበባ ላይ ተሰብስበው የአፍሪካ አንድነት ድርጅትን መሥርተዋል። አህጉሩ ሁሉ በተስፋ ሰክሯል። ከዚያ ሦስት ወር ሳይሞላ፣ ኦገስት 10፣ ማለትም ነሐሴ 4፣ በኢባዳን ሊበርቲ ስታዲየም በአስር ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ተሰበሰበ። በጥቁር አፍሪካ ምድር የዓለም ቦክስ ሻምፒዮና ሲደረግ የመጀመሪያው ነበር።

ታይገር ሕዝቡን አላሳፈረም። ፉልመርን ዙር በዙር ደበደበው። ከሰባተኛው ዙር በኋላ የፉልመር ሰዎች ልጃችን በቅቶታል ብለው አስቆሙት። ፉልመር ከዚያ በኋላ አልተቧቀሰም፤ ጓንቱን ሰቀለ።

ያን ምሽት ስታዲየሙ ውስጥ ኢግቦ፣ ዮሩባ፣ ሃውሳ የሚል ነገር አልነበረም። ኢባዳን የዮሩባዎች ከተማ ናት፣ ታይገር ኢግቦ ነው፤ ግን የሁሉም ልጅ ነበር። በዚያው ዓመት የእንግሊዝ ንግሥትም ኤምቢኢ የሚባለውን የክብር ኒሻን ሸለመችው። ሁሉ ነገር የሞላለት ዓመት ነበር።

ወድቆ መነሳት

ደስታው ብዙ አልቆየም። በዲሴምበር 1963 አትላንቲክ ሲቲ ላይ በጆይ ጃርዴሎ በነጥብ ተሸነፈና ቀበቶውን አጣ። ጃርዴሎ መልሶ ሊገጥመው የተስማማው ሁለት ዓመት ሊሞላ ትንሽ ሲቀረው ነው። ታይገር እስከዚያ አልተቀመጠም። በሜይ 1965 ሩቢን ካርተርን ሦስት ጊዜ መሬት ላይ ጥሎ አሸነፈው። ካርተርን ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ፤ ዴንዘል ዋሽንግተን በፊልም የሠራው፣ ባልሠራው ወንጀል ለዓመታት የታሰረው ቦክሰኛ ነው።

በኦክቶበር 1965 ጃርዴሎን አግኝቶ ቀበቶውን አስመለሰ። በኤፕሪል 1966 ደግሞ ኤሚል ግሪፊት በነጥብ ወሰደበት፤ ብዙ ሰው ውጤቱን አልተቀበለውም ነበር። ታይገር 36 ዓመቱ ነው። አለቀለት ተባለ።

ምን አደረገ መሰላችሁ? ወደ ታች ሳይሆን ወደ ላይ ወጣ። ወደ ቀላል ከባድ ሚዛን ተሻግሮ ሻምፒዮኑን ሆሴ ቶሬስን ገጠመ። ቶሬስ በቁመትም በክብደትም ይበልጠዋል፣ በእድሜ ደግሞ ያንሰዋል። ከጀርባው ያለው ሰው በኋላ ማይክ ታይሰንን ያሳደገው ካስ ዳማቶ ነው። ዲሴምበር 16 ቀን 1966 ማዲሰን ስኩዌር ጋርደን ውስጥ ታይገር 15 ዙር ሙሉ እየገፋ ሄዶ አሸነፈ። በ37 ዓመቱ፣ በሁለተኛ ሚዛን የዓለም ሻምፒዮን!

ሜይ 16 ቀን 1967 ቶሬስን ድጋሚ አሸነፈ። የቶሬስ ደጋፊዎች ተናደው አዳራሹን በጠርሙስ ውርወራ አናወጡት። የታይገርን ሕይወት የቀየረው ነገር ግን ከሁለት ሳምንት በኋላ፣ ሀገሩ ላይ ሆነ።

ቢያፍራ

ታይገር ኒውዮርክ ላይ ቀበቶ ሲያሳድድ ናይጄሪያ እየፈረሰች ነበር። በ1966 ሁለት መፈንቅለ መንግሥት ተደረገ። በሰሜኑ ክፍል የሚኖሩ ኢግቦዎች በሺዎች ተጨፈጨፉ። የተረፉት ንብረታቸውን ጥለው በባቡርና በጭነት መኪና ወደ ምሥራቅ ጎረፉ። ሜይ 30 ቀን 1967 የምሥራቁ ክፍል አስተዳዳሪ ኮሎኔል ኦጁኩ ቢያፍራ የምትባል ነፃ ሀገር አወጁ። በጁላይ ጦርነቱ ተጀመረ።

አሁን ታይገር ምን ያድርግ? ሻምፒዮን ነው፣ አሜሪካ ውስጥ ሥራ አለው፣ ዝም ቢል ማንም አይነካውም። በሌጎስም በሌሎች ከተሞችም ያፈራው ንብረት አለ። ዝምታ ያዋጣው ነበር።

እሱ ግን ለቢያፍራ ወገነ። ወደዚያው ሄዶ የቢያፍራ ጦር ውስጥ የሌተናንት ማዕረግ ተሰጠው፤ ሥራውም ወታደሮችን አካል ማሠልጠንና ሞራል ማነቃቃት ነበር። ለፍልሚያ ወደ አሜሪካ ሲወጣ ደግሞ ጋዜጠኛ ባገኘ ቁጥር ስለ ቢያፍራ ያወራል። በኖቬምበር 1967 ላስ ቬጋስ ላይ ሮጀር ራውስን በ12ኛው ዙር ሲያሸንፍ ሀገሩ ጦርነት ላይ ናት።

በአራት ዓመት ውስጥ ነገሩ ሁሉ ተገለባበጠ። በ1963 መላው ናይጄሪያ የተነሳለት ሰው ለፌዴራል መንግሥቱ አማፂ ሆነ።

ይሄ ጦርነት ወደ እኛም ቤት መጥቷል። የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ጉዳዩን እንዲያስታርቅ ያቋቋመውን ኮሚቴ የሚመሩት አፄ ኃይለ ሥላሴ ነበሩ። በኦገስት 1968 ሁለቱ ወገኖች አዲስ አበባ ላይ ለድርድር ተቀመጡ፤ ኦጁኩም ራሳቸው መጥተው ነበር። አልተሳካም። አብዛኞቹ የአፍሪካ መንግሥታት የአንዱ ሀገር መገንጠል ለሌላውም ይተርፋል ብለው ስለፈሩ ከናይጄሪያ አንድነት ጎን ቆሙ። ለቢያፍራ እውቅና የሰጡት የአፍሪካ ሀገራት አራት ብቻ ናቸው፦ ታንዛኒያ፣ ጋቦን፣ አይቮሪ ኮስትና ዛምቢያ። በቀጣዩ ወር የታይገር ከተማ አባ በፌዴራሉ ጦር እጅ ወደቀች።

ቢያፍራ ተከበበች። እህል አይገባም፣ መድኃኒት አይገባም። ሆዳቸው ያበጠ፣ አጥንታቸው የወጣ ሕፃናት ፎቶ ዓለምን አስደነገጠ። በጦርነቱ ከ1 ሚሊዮን በላይ ሰው እንዳለቀ ብዙዎች ይገምታሉ፤ አብዛኛው የሞተው በረሃብ ነው።

ዝረራውና ፖስታው

በሜይ 1968 ታይገር ቦብ ፎስተርን ገጠመ። ፎስተር 1 ሜትር ከ90 የሚረዝም፣ እጁ እንደ ዱላ የሚወረወር ሰው ነው። በአራተኛው ዙር ታይገርን ዘረረው። በሙሉ የቦክስ ሕይወቱ የተዘረረው ያን ቀን ብቻ ነው። ቀበቶውም ሄደ።

ግን አላቆመም፣ ማቆምም አይችልም ነበር። በዚያው ዓመት ኦክቶበር ላይ ከፍራንኪ ደፓውላ ጋር እየተጣጣሉ ያደረጉት ፍልሚያ በሪንግ መጽሔት የዓመቱ ምርጥ ተባለ፤ ታይገር አሸነፈ። በሜይ 1969 ደግሞ በ39 ዓመቱ በወቅቱ የመካከለኛ ሚዛን ሻምፒዮን የነበረውን ጣሊያናዊ ኒኖ ቤንቬኑቲን አሸነፈ። ፍልሚያው ለቀበቶ ስላልነበር ግን ቤንቬኑቲ ቀበቶውን ይዞ ሄደ።

በዲሴምበር 1969 ታይገር ከንግሥቲቱ የተሸለመውን ኒሻን በፖስታ አሽጎ ዋሽንግተን ላለው የእንግሊዝ አምባሳደር ላከው። ምክንያቱን ጽፎ አያይዟል፤ እንግሊዝ ለናይጄሪያ መንግሥት መሣሪያ እየሰጠች ወገኖቹን እያስጨረሰች ነው፣ ስለዚህ ኒሻኑን መያዝ አይፈልግም። ከሱ ጥቂት ቀደም ብሎ የቢትልሱ ጆን ሌነን በቢያፍራም ጉዳይ ጭምር ተመሳሳይ ኒሻን መልሶ ነበር። ልዩነቱን ግን አስተውሉ። ሌነን ሚሊየነር ነው፣ ዜናው ዓለምን ያዳርሳል፣ ማታ ቤቱ ገብቶ ይተኛል። የታይገር ግን ሕዝቡ እያለቀ ነው፣ ሀብቱ እየጠፋ ነው፣ እድሜው ለቦክስ አልፏል። የሚሰጠው የቀረው ነገር ቢኖር ያ ኒሻን ነበር።

ከወር በኋላ፣ በጃንዋሪ 1970 አጋማሽ፣ ቢያፍራ እጇን ሰጠች።

ቤቶቹ

ቅድም ያዟት ያልናችሁ ነገር ትዝ ይላችኋል? ቤቶቹ። የናይጄሪያው መሪ ጄኔራል ጎዎን ከጦርነቱ በኋላ አሸናፊም ተሸናፊም የለም ብለው አወጁ። መሬት ላይ የሆነው ግን ሌላ ነው። በጦርነቱ ጊዜ በቢያፍራ በኩል የነበረ ሰው ባንክ ውስጥ የቱንም ያህል ብር ቢኖረው የሚሰጠው 20 ፓውንድ ብቻ ሆነ። በአንዳንድ ከተሞች ደግሞ ኢግቦዎች ጥለውት የሸሹት ቤት ባለቤት እንደሌለው ንብረት ተቆጥሮ በሌላ እጅ ገባ። ታይገርም ከአሥር ዓመት በላይ በቡጢ ያፈራው ሀብት አብዛኛው ተበላ።

በጁላይ 1970፣ 41 ሊሞላው ወር ሲቀረው፣ የመጨረሻ ፍልሚያውን ማዲሰን ስኩዌር ጋርደን ላይ ከግሪፊት ጋር አድርጎ ተሸነፈ። ወደ ሀገሩ እንዳይገባ በቢያፍራ ወገንነቱ ይፈለጋል። ስለዚህ ኒውዮርክ ውስጥ የሙዚየም ጥበቃ ሆኖ ተቀጠረ። ልጆቻቸውን ይዘው ሙዚየሙን ሊያዩ የሚመጡት ሰዎች በር ላይ የቆመው ዝምተኛ ሰው የሁለት ሚዛን የዓለም ሻምፒዮን መሆኑን ስንቶቹ አውቀው ይሆን?

አንድ ቀን ጀርባው ላይ ሕመም ተሰማው። ሐኪም ቤት ሄዶ ሲመረመር የጉበት ካንሰር ሆኖ ተገኘ። እንደማይተርፍ ሲታወቅ የናይጄሪያ መንግሥት እንዲገባ ፈቀደለት። በ1971 ወደ አባ ተመለሰ። ጠርሙስ ይሸጥባት በነበረችው ከተማ ዲሴምበር 14 ቀን 1971 አረፈ። 42 ዓመቱ ነበር። ሥርዓተ ቀብሩም በትውልድ ቦታው አማይግቦ ተፈጸመ።

ለምን ተረሳ?

በችሎታ ማነስ እንዳይመስላችሁ። ከ80 በላይ ፍልሚያዎች አድርጎ 60 ያህሉን አሸንፏል። ሪንግ መጽሔት በ1962 እና በ1965 ሁለት ጊዜ የዓመቱ ቦክሰኛ ብሎ መርጦታል። በ1991 የዓለም አቀፉ የቦክስ የክብር አዳራሽ ውስጥ ስሙ ገብቷል።

አንዱ ምክንያት ጊዜው ነው። ታይገር በነገሠበት ዘመን ዓለም የሚያወራው ስለ አሊ ነበር፤ አሊ ይናገራል፣ ይገጥማል፣ ካሜራ ይወደዋል። ታይገር ዝም ይላል። ትልቁ ምክንያት ግን ይሄ ይመስለናል፤ አንድን ጀግና ትውልድ እንዲያስታውሰው ስሙን የሚይዝለት ሀገር ያስፈልገዋል፣ ትምህርት ቤት የሚሰይምለት፣ በመጽሐፍ የሚያስተምርለት፣ በየዓመቱ የሚያነሳው። ናይጄሪያ ጦርነቱን መርሳት ስትፈልግ እሱንም አብራ ረሳችው። ይዘክረኝ የነበረው ሀገር ደግሞ ካርታ ላይ የቆየው ሁለት ዓመት ከመንፈቅ ብቻ ነው።

ቢያፍራ ትክክል ነበረች ወይስ አልነበረችም የሚለው ክርክር ናይጄሪያ ውስጥ ዛሬም አላለቀም፤ እኛም በዚህ ጽሑፍ አንፈርድበትም። ግን አንድ ሰው በጦርነት ጊዜ በየትኛውም ወገን ቢቆም፣ ከዚያ በፊት ለሁሉም ያመጣው ደስታ አብሮ ይሰረዛል ወይ? ኢባዳን ላይ ያን ምሽት የጮኸው ዮሩባና ሃውሳ ደስታው የውሸት አልነበረም። የታይገርም ድል እንደዚያው። ጦርነት ሰው ከመግደሉ ሌላ፣ በጋራ የነበረንንም ትዝታ ለሁለት ይከፍላል። ይሄን ለእኛ ሀገር ሰው ማስረዳት አያስፈልግም።

እና በሚቀጥለው ጊዜ ስለ አፍሪካ ቦክስ ሲወራ ከኪንሻሳ በፊት ኢባዳን እንደነበረች ለጓደኞቻችሁ ንገሩ። የሪቻርድ ኢሄቱንም ስም ጥሩ።

እናንተስ፣ ወድቆ የቀረ፣ ስሙ ሊነሳ የሚገባው የትኛውን ስፖርተኛ ታውቃላችሁ? ጻፉልን፤ አንድ ቀን የእሱን ወይም የእሷን ታሪክ ይዘን እንመጣለን።